ጉልበት፣ ውበትና ኃላፊነት፦ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ስለሚለውጡ እጆች

አንድ ሰው ደክሞ የሠራውን ሥራ ሌላ ሰው ሊለውጠው መብት አለውን? ከለወጠው በኋላስ ለተለወጠው ሥራ ተጠያቂው ማን ነው? የመጀመሪያው ሠሪ ነው ወይስ የኋለኛው ለዋጭ? ይህ ጥያቄ በድርሰት፣ በዜማ፣ በሥዕልና በሕንፃ ሥራ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ሲነሣ የኖረ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን የምንመረምረው ዘይት በጠጣ የጋራዥ ወለል ላይ ነው። ምሳሌ አድርገን የምንወስደውም አሮጌውን ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌትና እርሱን ለጉልበትና ለመልክ ሲሉ ፈትተው እንደገና የሚገጥሙትን ሰዎች ነው። ምርጫው ለኪነ ጥበብ መጽሔት እንግዳ ይመስል ይሆናል። ሆኖም በግጥም ላይ የተፈጸመ ስሕተት አንባቢን ያሳዝናል እንጂ አጥንት አይሰብርም፤ በሞተር ብስክሌት ላይ የተፈጸመ ስሕተት ግን ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህም የሥነ ውበትና የሥነ ምግባር ጥያቄዎች በአንድ ዕቃ ላይ ተገናኝተው የሚታዩበት ከዚህ የተሻለ መስክ በቀላሉ አይገኝም። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ነገሩን ከመሠረቱ እንጀምር። ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር አንድ ፒስቶን ብቻ ያለው፣ ጉልበቱንም ሁሉ ከዚያ ከአንዱ ፒስቶን የሚያገኝ ሞተር ነው። በአራት ምት የሚሠራው ዓይነት ዋናው ዘንግ ሁለት ጊዜ በዞረ ቁጥር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ድምፁ የተቆጠረ፣ ንዝረቱም ከባድ ነው። አሠራሩ ግን ግልጽ ነው። አንድ ትጉህ ወጣት ጥቂት መፍቻዎች ይዞ ሊፈታው፣ የእያንዳንዱን አካል ተግባር ሊረዳና መልሶ ሊገጥመው ይችላል። በመሆኑም ይህ ማሽን ተገዝቶ የሚበላ ሸቀጥ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ለባለቤቱ የመማሪያ መጽሐፍ ይሆናል። መጽሐፍ ደግሞ ሲነበብ ኅዳጉ ላይ ማስታወሻ እንደሚጻፍበት ሁሉ፣ ይህም ማሽን በባለቤቱ እጅ የተጻፈ ማስታወሻ ይጨመርበታል።

በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ቢ.ኤስ.ኤ. የተባለው ፋብሪካ ያመርተው የነበረው ጎልድ ስታር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስሙ ራሱ ከማሻሻል የተወለደ ነው። በ1937 ዋል ሃንድሊ የተባለው ተወዳዳሪ ለእሽቅድምድም በተዘጋጀ ባለ500 ሲሲ ኢምፓየር ስታር ሞተር ብስክሌት በብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ አንዱን ዙር በሰዓት ከ100 ማይል፣ ማለትም ከ161 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ፈጸመ። በዚያ ሜዳ ይህን ላደረገ ሰው ይሰጥ የነበረውንም የወርቅ ኮከብ ምልክት ተቀበለ። ፋብሪካውም በተከታዩ ዓመት ያወጣውን አዲስ ሞዴል በዚያው ምልክት ሰየመው። የዚህ ዘር የመጨረሻው ታላቅ ሞዴል በ1956 ወጥቶ እስከ 1963 ተመረተ። የሲሊንደሩ ስፋት 85 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምት 88 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ይዘቱ 499 ሲሲ፣ ጉልበቱም ወደ 40 የፈረስ ጉልበት ነበር። የእያንዳንዱ ሞተር ጉልበት በፋብሪካው ይለካና ውጤቱ በወረቀት ተጽፎ ለገዢው ይሰጥ ነበር። ይህን ወረቀት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በመጨረሻ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ፣ በእንግሊዝ ከተሞች በፋብሪካና በአውደ ጥናት የሚሠሩ ወጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከዕለት ጉርሳቸው የሚተርፍ ደመወዝ ማግኘት ጀመሩ። መኪና ለመግዛት ባይበቃቸውም ለሞተር ብስክሌት፣ ይልቁንም ለአሮጌው፣ አላነሳቸውም። ከሚሰበሰቡባቸው ቦታዎች አንዱ በለንደን በሰሜኑ የቀለበት መንገድ ዳር የሚገኘው ኤስ ካፌ ነበር። ይህ ቤት በ1938 ተከፈተ፤ በ1940 በአየር ድብደባ ፈረሰ፤ በ1949 እንደገና ተሠራ። ወጣቶቹም ቀን የሌላውን ማሽን ሲያገለግሉ ውለው ማታ የራሳቸውን ማሽን እየፈቱ ይገጥሙ ነበር። የመሪውን እጀታ ዝቅ፣ የእግሩን መርገጫ ወደ ኋላ፣ መቀመጫውን አጭርና ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ያደርጉታል። የአንዱን ፋብሪካ ሞተር ከሌላው ፋብሪካ ሻንሲ ጋር ያጋቡታል። ማሽኖቹም ካፌ ሬሰር የሚል፣ አድናቆትና ፌዝ የተቀላቀሉበት ስም ወጣላቸው። የወጣቶቹ ታላቅ ምኞት በሰዓት 100 ማይል መድረስ ነበር፤ አንዳንዱም በካፌው የሙዚቃ ሸክላ አስጀምሮ፣ የተወሰነ መንገድ ሄዶ፣ ሸክላው ሳያበቃ ለመመለስ ይሽቀዳደም እንደነበር ይነገራል።

የዘመኑ ጋዜጦች እነዚህን ወጣቶች ወሮበላ አድርገው ማቅረብ ይቀናቸው ነበር። ይህ ፍርድ የችኮላ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ብሎን ሲያጠብቅ የሚውል፣ የሠራው ዕቃ የት እንደሚሄድ የማያውቅ ሠራተኛ፣ ማታ በራሱ ማሽን ላይ ሲሠራ ከሐሳብ እስከ ፍጻሜ ያለውን ሥራ ሁሉ በራሱ እጅ ይይዛል። ያሰበውን ይሠራል፤ የሠራውን ይፈትናል፤ የተሳሳተውን ያርማል። በሥራ የተነጠቀውን ሙሉነት በዚህ መንገድ መልሶ ሲያገኝ ማየት ለሰው ልጅ ፈጣሪነት ምስክር ነው። ይህን የተረዱም አልጠፉም። ቢል ሸርጎልድ የተባሉት የለንደን ቄስ በ1962 በፊፍቲ ናይን ክለብ ውስጥ ለሞተር ብስክሌት ወጣቶች ክፍል ከፍተው ከማውገዝ ይልቅ ማቅረብን መርጠዋል። ይሁን እንጂ ፈጣሪነታቸውን ማድነቃችን ጥያቄያችንን አይዘጋውም፤ ይከፍተዋል እንጂ። ፈጣሪነት ባለበት ኃላፊነትም አለና።

በመጀመሪያ ስለ ውበት እንናገር። የእነዚያ ማሽኖች ውበት ከየት መጣ? ከእሽቅድምድም ሜዳ ነው የመጣው። እጀታው ዝቅ ያለው ጋላቢው ጎንበስ ብሎ የነፋሱን ግፊት እንዲቀንስ ነው። መርገጫው ወደ ኋላ የሄደው ጎንበስ ያለው አካል ሚዛኑን እንዲያገኝና በመታጠፊያ ላይ ብረቱ አስፋልቱን እንዳይነካ ነው። የማያስፈልገው ብረት የተወገደው ክብደት ለመቀነስ ነው። ስለዚህ ቅርጹ የይዘቱ ምስክር ነበር፤ ዐይን የሚያየው መስመር አካል የሚሠራውን ሥራ ይናገር ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ቅርጹ ከምክንያቱ ተለየ። ፍጥነት ለማይጨምር ማሽን የፈጣን መልክ የሚያላብሱ ዕቃዎች በየሱቁ ይሸጡ ጀመር። የእጅ ሥራው ሸቀጥ ሆነ፤ መልኩም ያለ ድካም በገንዘብ የሚገዛ ሆነ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

በሕንድ አገር የሆነውን ብንመለከት ነገሩ የበለጠ ይብራራል። ሮያል ኤንፊልድ ቡሌት የተባለው የእንግሊዝ ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌት ከ1955 ጀምሮ በማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ መገጣጠም ጀመረ። በእንግሊዝ አገር የነበረው ሥራ ከቆመ በኋላም በሕንድ ምርቱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀጠለ። የቀድሞው ባለ346 ሲሲ ቡሌት ጉልበት ከ18 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይርቅም፤ ዝግተኛ፣ ታጋሽና ጭነት የሚችል ማሽን ነው። አንዳንድ ባለቤቶች ግን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ አውጥተው በምትኩ ባዶ ቱቦ ይገጥማሉ። ድምፁ ሰፈር ያናውጣል፤ ጉልበቱ ግን ያው ነው። እንዲያውም የጭሱ መውጫ ተከፍቶ የነዳጅና የአየሩ ድርሻ ካልተስተካከለ ሞተሩ ከቀድሞው ይብስ ይደክማል። በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ የሕንድ ከተሞች ፖሊስ የወረሳቸውን እንዲህ ያሉ ቱቦዎች በአደባባይ ደርድሮ በመንገድ መዳመጫ ሲጨፈልቅ ታይቷል። እዚህ ላይ ሁለት በደል አለ። አንደኛው ውሸት ነው፤ ማሽኑ የሌለውን ጉልበት አለኝ ብሎ ይጮኻል። ሁለተኛው ቅሚያ ነው፤ የሕመምተኛው ዕረፍት፣ የሕፃኑ እንቅልፍና የተማሪው ጸጥታ ለአንድ ሰው ደስታ ይወሰዳል። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» እንዲሉ፣ ባለቤቱ ሊያስጌጥ ብሎ የማሽኑንም የራሱንም ክብር ይገፍፋል።

እንግዲህ ጉልበት የማይጨምር ጌጥ ሁሉ ውሸት ነውን? አይደለም። ያማሃ በ1978 ያወጣቸውን ኤስአር የተባሉ ባለአንድ ሲሊንደር ማሽኖች እንውሰድ። ባለ400 ሲሲው ሞዴል በጃፓን እስከ 2021 ሲመረት ኖሯል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን በቁልፍ ሳይሆን በእግር እየተመታ የሚነሣ ሆኖ ቆየ። የጃፓን ባለሙያዎች ይህን ማሽን በጣም በብዙ መልክ ሠርተውታል፤ አንዱ የ1960ዎቹን የእሽቅድምድም ማሽን፣ ሌላው የገጠር መንገድ ማሽን አስመስሎታል። ብዙዎቹ ጉልበት አልጨመሩም፤ ጨምረናልም አላሉም። የታንኩን መስመር ከመቀመጫው መስመር ጋር ሲያስማሙ፣ ሽቦውን ሲሰውሩ፣ ብየዳውን ሲያለሰልሱ የነበራቸው ዓላማ ማሽኑ የሆነውን ይበልጥ እንዲመስል ማድረግ ነው። በእኛ አገር ቅኔ ሰሙ ወርቁን ይሸፍነዋል እንጂ አይክደውም፤ ፈልጎ ለሚፈታው ወርቁ እዚያው አለ። ጌጥም እንዲሁ ነው። ውስጡን የሚያመለክት ጌጥ ውበት ነው፤ ውስጡን የሚክድ ጌጥ ማታለያ ነው። ሚዛኑ ጉልበት መኖሩ ወይም አለመኖሩ አይደለም፤ ቅርጹ ስለ ይዘቱ እውነቱን መናገሩ ነው።

ከውበት ወደ ጉልበት ስንሻገር ጉዳዩ ይከብዳል። የሞተርን ጉልበት ለመጨመር የታወቁ መንገዶች አሉ። ፒስቶኑ ቅይጡን አጥብቆ እንዲጨምቀው ማድረግ፣ ቫልቮቹን ማስፋት፣ የአየሩን መግቢያ ማለስለስ፣ ትልቅ ካርቡራቶር መግጠም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረውን ዙር ማብዛት ነው። አንዳቸውም ያለ ዋጋ አይገኙም። ጎልድ ስታር ለእሽቅድምድም ተብሎ የተሠራውን ትልቅ ካርቡራቶር ሲገጥም በሜዳ ላይ ክንፍ አወጣ፤ በከተማ መንገድ ግን በዝግታ ቆሞ መሥራት አስቸገረው፤ የመጀመሪያው ማርሹም ረጅም ስለነበር ጋላቢው ፍሪሲዮኑን እያንሸራተተ ለመነሣት ይገደድ ነበር። ይህ እንግዲህ ለባለቤቱ ብቻ የሚተርፍ ችግር ነው። ሌላው ዋጋ ግን ከባለቤቱ ያልፋል።

ይህን ዋጋ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ፒስቶኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ቢየላ የሚጎትተውና የሚገፋው የእንቅስቃሴ ኃይል የሚያድገው በዙሩ ልክ ሳይሆን በዙሩ ስኩዌር ነው። በደቂቃ 5000 ጊዜ የሚዞረው ሞተር 7000 ጊዜ እንዲዞር ቢደረግ ዙሩ የጨመረው በ40 ከመቶ ነው፤ በቢየላው ላይ የሚያርፈው ይህ ኃይል ግን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። የመንገዱም ሕግ ይኸው ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው ማሽን 140 እንዲሄድ ቢደረግ ፍጥነቱ የጨመረው በዚያው በ40 ከመቶ ነው፤ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው የእንቅስቃሴ ጉልበት ግን እንደዚሁ እጥፍ ሊሞላ ይቃረባል፤ ለመቆም የሚያስፈልገውም ርቀት በዚያው መጠን ይረዝማል። ስለዚህ ለዋጩ ጥቂት የጨመረ ሲመስለው ብዙ ለውጧል። የመጠን ለውጥ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ የዓይነት ለውጥ ይሆናል የሚባለው ሕግ በዚህ ማሽን ላይ በብረት ተጽፎ ይታያል። ያው ስም፣ ያው ቀለም ያለው ማሽን ሌላ ማሽን ሆኗል፤ ፍሬኑና ሻንሲው ግን ገና የቀድሞው ማሽን ናቸው።

እዚህ ላይ የጥያቄያችንን እምብርት እናገኛለን። ፋብሪካው ማሽኑን ሲሠራ ከሚያስፈልገው ጥቂት አልፎ የጠነከረ አድርጎ ይሠራዋል። ይህን ትርፍ ጥንካሬ የሚተወው ለማያውቀው ሰው ነው፤ ለደከመው ጋላቢ፣ ለተበላሸው መንገድ፣ በድንገት ለሚሻገረው እግረኛ። ትርፉ ሠሪው ለማያውቃቸው ሰዎች ያስቀመጠው አደራ ነው። ለዋጩ ጉልበት ሲጨምር ከዚያ አደራ ይበላል። ማንም አይቶ አያውቅበትም፤ ማሽኑም ለብዙ ቀናት በደኅና ይሄዳል። ዕዳው የሚጠየቀው ግን ባልታሰበ ሰዓት ነው፤ የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ ተበዳሪው አይደለም። «ሕይወቱ የራሱ ነው፤ ቢሞትም ራሱ ነው» የሚለው መከራከሪያ የማያጸናውም በዚህ ምክንያት ነው። ከኋላው የተፈናጠጠችው ልጅ የፍሬኑን ነገር አልተጠየቀችም። መንገዱም የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የጋራ ነው። የብሪታንያ መንግሥት በ1961 ተለማማጅ ጋላቢዎች ከ250 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር ብስክሌት እንዳይነዱ የከለከለው፣ በ1973 ደግሞ የራስ ቁር ማድረግን ግዴታ ያደረገው ብዙ ወጣት ከተቀበረ በኋላ ነው። ለዋጮቹ በራሳቸው ላይ ሊያወጡት ይገባ የነበረውን ሕግ ሌላ አወጣላቸው።

ይህን ስንል ጉልበት መጨመር ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። ጉልበት በአደራ ሲያዝ ምን ሊሠራ እንደሚችል ቬሎሴት የተባለው የበርሚንግሃም ፋብሪካ አሳይቷል። በ1961 በፈረንሳይ አገር በሞንትሌሪ የፈተና ሜዳ፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ባለአንድ ሲሊንደር 499 ሲሲ ቬኖም በየተራ በሚቀያየሩ ጋላቢዎች ቀንና ሌሊት ተነድቶ ለ24 ሰዓት በአማካይ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ሄደ። የኤስ ካፌ ወጣት ለአንድ ዘፈን ያህል የተመኘውን ፍጥነት ይህ ማሽን ለአንድ ሙሉ ቀን ያዘው። ልዩነቱ የድፍረት አልነበረም። የቬኖም አዘጋጆች ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ጉልበቱን የሚሸከመውን ሁሉ አስበዋል፤ ፈተናውንም ያደረጉት ለፈተና በተከለለ ሜዳ እንጂ ሕዝብ በሚመላለስበት ጎዳና አይደለም።

አንድ ጥያቄ ይቀረናል። ሞተሩ፣ እጀታው፣ መቀመጫው፣ አንዳንዴም ሻንሲው የተለወጠ ማሽን ያው የቀድሞው ነውን? የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ቴሴዎስ መርከብ ያነሣው ጥንታዊ ክርክር ነው፤ ሳንቃዎቹ አንድ በአንድ እየተተኩ ካለቁ መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ? ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ወዳጆች መካከል አንዱ ወገን ከፋብሪካ እንደወጣ፣ እስከ ብሎኑ፣ ይጠበቅ ይላል። ሌላው ወገን ማሽን የሚኖረው በመለወጥ ነው ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ጎልድ ስታርን የወለደው ራሱ መሻሻል ስለሆነ «የመጀመሪያው መልክ» የሚባለው የረጅም እንቅስቃሴ አንድ ማረፊያ ብቻ ነው፤ እርሱን ማቆም የሠሪዎቹን መንፈስ መካድ ይሆናል። በሌላ በኩል ግን ማምረቻው የተዘጋ፣ ቁጥሩ የተወሰነ ሻንሲ በመጋዝ ሲቆረጥ የሚጠፋው የአንድ ሰው ንብረት ብቻ አይደለም፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡ ሰዎች ሊያነቡት ይችሉ የነበረ ምስክር ነው። የተፈታ ብሎን መልሶ ይገጠማል፤ የተቆረጠ ብረት ግን አይመለስም። አስተዋይ ለዋጭ ያወጣውን ዕቃ በዘይት አብሶ በመደርደሪያ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው እንደ እርሱ የመምረጥ መብት እንዲኖረው ይፈልጋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። የሌላውን ሥራ መለወጥ መብት ነው። ነገር ግን ይህ መብት ከእርሱ ጋር ተጣብቆ ከሚመጣ ግዴታ ተለይቶ አይገኝም። እጁን በሌላው ሥራ ላይ የጫነ ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሠሪ ሆኗል፤ «እኔ ጥቂት ነካካሁት እንጂ ፋብሪካው ነው የሠራው» ማለት አይችልም። የቢ.ኤስ.ኤ. ሠራተኞች ከሞተሩ ጋር ይሰጡት የነበረው ወረቀት ትርጉሙ ይኸው ነበር፦ «ይህን ሠርተናል፤ ፈትነነዋል፤ የሚችለው ይህን ያህል ነው»። ለዋጩ ማሽኑን በለወጠበት ዕለት ያ ወረቀት ዋጋ አጥቷል። እንግዲህ በምትኩ የራሱን ወረቀት መጻፍ ይገባዋል፤ በቀለም ባይሆን በኅሊናው። ምን ጨመርሁ? የጨመርሁትን የሚሸከመው ምንድን ነው? ባይሸከመው የሚጎዳው ማን ነው? መልኩ ስለ ውስጡ እውነቱን ይናገራልን? ያጠፋሁትን መመለስ ይቻላልን?

እነዚህ ጥያቄዎች ከጋራዥ ውጭም ያገለግላሉ። የተወረሰ ዜማን በአዲስ መሣሪያ የሚያቀናብር ሙዚቀኛ፣ የቆየ ተውኔትን ለአዲስ መድረክ የሚያዘጋጅ ባለሙያ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን መማሪያ ለራሱ ክፍል የሚያስማማ መምህር፣ ነባር አሠራርን ለማሻሻል የተነሣ ካድሬ፣ ሁሉም የሌላውን ማሽን ፈትተው እንደገና የሚገጥሙ ናቸው። ከፊታቸው ያለው ሥራ እንዳለ ይቀመጥ ብሎ የሚያስገድዳቸው የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ነገር ግን ጉልበት ሲጨምሩ ፍሬኑን ያስቡ፤ መልክ ሲሰጡ እውነቱን አይሸፍኑ፤ ያወጡትንም አይጣሉት። ምሽት ላይ መብራቱን አጥፍቶ ከጋራዡ የሚወጣው ወጣት ነገ ጠዋት በዚያው ማሽን እናቱን አፈናጥጦ ወደ ገበያ ለመውሰድ የማይፈራ ከሆነ ሥራው መልካም ሥራ ነው።